ስለ ማራቶን ሩጫ ልክ፤ ከወዴት እንደ መጣና እንዴት እንደ ጸና

በዓለም ላይ ከሚሠራው ልማድ ብዙው፤ ሰው ሁሉ ሲያደርገው ስለሚታይ፤ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። ሥሩን ቆፍሮ የሚመረምር ሰው ግን አንዳንዱ ልማድ የሺህ ዓመት ዛፍ መስሎ የቆመ የትናንት ተክል መሆኑን ያገኘዋል። ማራቶን የሚባለው የረጅም መንገድ ሩጫ ከዚህ ዓይነቱ አንዱ ነው። በየሀገሩ ከተማ ሕፃኑም ሽማግሌውም የማራቶን ልክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ ቢጎድል ሩጫው ማራቶን አይባልም። ዳሩ ግን ይህ ቁጥር ከወዴት መጣ? ለምንስ 40 ሙሉ ወይም 42 ሙሉ አልሆነም? ተብሎ ቢጠየቅ፤ ብዙ ሰው «በግሪክ ሀገር ከማራቶን ሜዳ እስከ አቴና ያለው መንገድ ልክ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ለጆሮ የሚጥም ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ልኩ የተገኘው ከግሪክ ሜዳ ሳይሆን ከእንግሊዝ ንጉሥ ግቢ ነው፤ ከተገኘም ከመቶ ዓመት ብዙ አላለፈውም። ነገሩም እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ በታች ይነገራል። ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በገባበት ስፍራ ግን በስሙ ተለይቶ ይጻፋል።

ከጌታችን ልደት በፊት በ490 ዓመት የፋርስ ንጉሥ የዳርዮስ ሠራዊት ባሕር ተሻግሮ በማራቶን ሜዳ ሰፈረ። የአቴና ሰዎች በቁጥር ሲያንሱ ገጥመው ድል አደረጉት። ከዚህ ድል በኋላ አንድ መልእክተኛ ከጦሩ ሜዳ እስከ ከተማው ሮጦ፤ ለሹማምንቱ የምሥራቹን ተናግሮ፤ ወዲያው ወድቆ ሞተ እየተባለ ይተረካል። ይህንን ትረካ ለመመርመር አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ምስክር፤ የታሪክ አባት የሚባለውና በዚያው በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄሮዶቱስ ነው። ሄሮዶቱስ ስለ ጦርነቱ በስፋት ጽፏል፤ ፊሊጲዴስ ወይም ፊዲጲዴስ ስለሚባል ሯጭም ጽፏል። ነገር ግን ይህ ሰው የሮጠው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ የሮጠውም ወደ አቴና ሳይሆን ከአቴና ወደ ስፓርታ፤ ርዳታ ለመለመን ነው። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በማግሥቱ ደረሰ። የስፓርታ ሰዎችም ጨረቃ ሳትሞላ ለጦርነት መውጣት በሕጋቸው የተከለከለ ስለ ሆነ ቆዩ፤ በደረሱ ጊዜም ጦርነቱ አልቆ ሙታንን ብቻ አይተው ተመለሱ። ስለ ብሥራቱና ሮጦ ስለ ሞተው መልእክተኛ ግን ሄሮዶቱስ አንድም ቃል አልጻፈም።

የብሥራቱ ትረካ የሚገኘው ከ500 ዓመት በላይ ዘግይተው ከተነሡ ጸሐፊዎች ዘንድ ነው። ፕሉታርኮስ የመልእክተኛውን ስም አንዳንዱ ቴርሲጶስ፤ ብዙው ግን ኤውክሌስ ይለዋል ብሎ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሉቅያኖስ ደግሞ ስሙን ፊሊጲዴስ አደረገው። እንዲህ ሆኖ ወደ ስፓርታ የሮጠው ሰውና ወደ አቴና የሮጠው ሰው አንድ ሆኑ። በ1879 ሮበርት ብራውኒንግ የሚባል የእንግሊዝ ባለ ቅኔ ይህንኑ በግጥም አስጌጦ አወጣው፤ በየትምህርት ቤቱም የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ በመጽሐፍ የተጻፈ ሁሉ ምስክርነቱ አንድ አይደለም፤ በጊዜው የነበረው ጸሐፊ ዝም ያለውን ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣው ቢናገረው፤ ከወዴት አገኘኸው ተብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ስለ ጥንቱ የኦሊምፒያ ጨዋታም እንዲሁ የተሳሳተ ሐሳብ አለ። በጥንት ዘመን በኦሊምፒያ ማራቶን የሚባል ሩጫ ከቶ አልነበረም። በዚያ ከሚደረገው ሩጫ ሁሉ የሚረዝመው ዶሊኮስ የሚባለው ሲሆን፤ እርሱም እጅግ ቢበዛ 24 ስታዲዮን፤ ማለት ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነበር። ማራቶንን ከአዲሱ የኦሊምፒያ ጨዋታ ውስጥ ያስገባው ሚሼል ብሬያል የሚባል ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ነው። የፈረንሳዩ ባሮን ፒዬር ደ ኩበርታን ጨዋታውን እንደ ገና ለማቋቋም በ1894 ጉባኤ ሰብስቦ ሳለ፤ ብሬያል ከማራቶን እስከ አቴና ሩጫ ቢደረግ ለአሸናፊው የብር ዋንጫ እሰጣለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠ። የጨዋታው መሪ ቃል የሆኑት ሦስቱ የላቲን ቃላት፤ ፍጥነትን ከፍታንና ብርታትን የሚያመለክቱት፤ በዚያን ጊዜ ተወሰዱ፤ የተወሰዱትም አንሪ ዲዶን ከሚባል የዶሚኒካን ማኅበር ካህን ነው፤ እርሱ በትምህርት ቤቱ ልጆቹን ሲያስተምርበት የነበረ ቃል ነው።

የመጀመሪያው የኦሊምፒያ ማራቶን በአቴና የተሮጠው ኤፕሪል 10 ቀን 1896 ነው። ይህ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት ይሆናል፤ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት የኢጣልያን ጦር ድል ካደረገ ልክ 40 ቀን ሆኖ ነበር ማለት ነው። በቁጥር የሚያንሰው የአቴና ሕዝብ በወራሪው ላይ ያገኘው ድል በሩጫ ሲታሰብ፤ የዓድዋው ወሬ በኤውሮፓ ጋዜጦች ገና ትኩስ ነበር። በዚያው ወራት ካርሎ አይሮልዲ የሚባል ኢጣልያዊ ሯጭ ከሚላኖ ተነሥቶ፤ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ፤ በማራቶን ለመወዳደር አቴና ደረሰ። ነገር ግን ከዚህ በፊት በሩጫ ገንዘብ ተቀብሏል፤ ስለዚህ ሕጉ አይፈቅድለትም ተብሎ ተከለከለ። ስታማታ ሬቪቲ የምትባል ግሪካዊት ሴትም እወዳደራለሁ ብትል ተከለከለች፤ በማግሥቱ ግን ብቻዋን ያንን መንገድ ሮጠች። ሴቶች በኦሊምፒያ ማራቶን እንዲወዳደሩ የተፈቀደላቸው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው፤ ይህም ከእርሷ በኋላ 88 ዓመት ቆይቶ ነው።

በዚያ ቀን የተነሡት ሯጮች 17 ሲሆኑ፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በአጭሩ ሩጫ ስመ ጥር የነበሩት የውጭ ሀገር ሰዎች መጀመሪያ ቀደሙ፤ ኋላ ግን ጉልበታቸው አልቆ እየወደቁ ቀሩ። በመጨረሻም ማሩሲ ከሚባል መንደር የመጣ ውኃ ሻጭ፤ ስፒሪዶን ሉዊስ፤ በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰኮንድ ገባ። ሁለቱ የንጉሡ ልጆች ደስታቸውን መግታት ስላልቻሉ ከመቀመጫቸው ወርደው ከጎኑ እየሮጡ አጀቡት። የተሰጠውም ሽልማት የወርቅ ሜዳሊያ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት አንደኛ ለወጣ የሚሰጠው የብር ሜዳሊያና የወይራ ቅርንጫፍ ነበር። የብሬያልን ዋንጫም ተቀበለ፤ ይህ ዋንጫ በ2012 በሎንዶን በጨረታ ሲሸጥ ከ500 ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ አወጣ። ሦስተኛ የገባው ግሪካዊ ቤሎካስ ግን ከመንገዱ ጥቂቱን በሠረገላ መሄዱ ስለ ተገለጠ ክብሩ ተገፎ ለሃንጋርያዊው ለኬልነር ተሰጠ። ስለዚህ የማራቶን ማታለል የተጀመረው ከማራቶን ጋር አብሮ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1904 በአሜሪካ በሴይንት ሉዊስ ከተማ የተደረገው ማራቶን ለሩጫ ሳይሆን ለመከራ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ቀኑ ኦገስት 30፤ ፀሐዩ እጅግ የጋለ፤ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት የአፈር ጎዳና ነው። ከሯጮቹ ጋር የሚሄዱት ኦቶሞቢሎች አቧራውን እያስነሡ ያፍኗቸው ነበር። አዘጋጆቹ ውኃ መከልከል በሰው ላይ የሚያደርገውን ለማወቅ ፈልገው፤ በመንገዱ ሁሉ የሚጠጣ ውኃ የሚገኝበትን ስፍራ እጅግ አሳነሱት። 32 ሯጮች ተነሥተው 14 ብቻ ገቡ። መጀመሪያ የገባው ፍሬድ ሎርዝ ሕዝቡ እልል ሲልለት ቆይቶ፤ 11 ማይል ያህል በኦቶሞቢል ተሳፍሮ እንደ መጣ ታወቀበት። በእውነት አንደኛ የሆነው ቶማስ ሂክስ ደግሞ፤ በመንገድ ሲዝል ረዳቶቹ ስትሪክኒን የሚባለውን መርዝ በጥቂቱ ከእንቁላል ነጭና ከብራንዲ ጋር እየቀላቀሉ አጠጡት። እርሱም በረዳቶቹ ተደግፎ እየተንገዳገደ በ3 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ53 ሰኮንድ ገባ፤ በኦሊምፒያ ማራቶን አንደኛ ከወጡት ሁሉ እንደ እርሱ የዘገየ የለም። በዚያን ጊዜ መርዙን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ክብሩ ጸናለት።

በዚያው ሩጫ ሌን ታውኒያኔና ጃን ማሺያኒ የሚባሉ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሰዎች ተወዳድረው ዘጠነኛና ዐሥራ ሁለተኛ ወጡ። ወደ ሴይንት ሉዊስ የመጡት ለሩጫ አልነበረም፤ በከተማው በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ውስጥ የቦዌሮችን ጦርነት እንደ ትርኢት ለማሳየት ከተቀጠሩት ጋር ነበር። ታውኒያኔ በመንገድ ላይ ውሻ አባሮት ከመንገዱ ባይወጣ ኖሮ ከዘጠነኛ የተሻለ ቦታ ባገኘ ነበር እየተባለ ይነገራል። በኦሊምፒያ ጨዋታ ከአፍሪካ ጥቁር ሕዝብ ወገን የመጀመሪያ ሆነው የተወዳደሩት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የማራቶን ልክ ያልጸና ነበር፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል ተብሎ እያንዳንዱ ከተማ እንደ መንገዱ ሁኔታ ይወስነው ነበር። ልኩ የተወለደው በ1908 በሎንዶን ነው። የእንግሊዝ አዘጋጆች መነሻው በዊንድሶር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ እንዲሆን የንጉሥ ኤድዋርድን ፈቃድ ጠየቁ፤ ንጉሡም ፈቀዱ። ግቢው የተከበረ ስለ ሆነ ሕዝብ ተጋፍቶ ሯጮቹን አያውክም ነበር። መድረሻው ደግሞ በአዲሱ ስታዲዮም ውስጥ ከንጉሣውያን መቀመጫ ፊት ለፊት እንዲሆን ተወሰነ። ከግቢው ሜዳ እስከ ስታዲዮሙ 26 ማይል፤ በስታዲዮሙ ውስጥ እስከ ንጉሣውያኑ መቀመጫ ደግሞ 385 ያርድ ሆነ። ይህ በሜትር ሲቈጠር 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ያ እንግዳ ትራፊ ቁጥር ከፈላስፋ አሳብ ወይም ከጥንት መጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ መነሻው በግቢ፤ መድረሻው በመቀመጫ ፊት በመሆኑ የመጣ ነው።

ሩጫው ሊደረግ አምስት ቀን ሲቀረው፤ እሑድ ጁላይ 19 ቀን፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 1900 ዓመተ ምሕረት፤ በሎንዶን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ለተወዳዳሪዎቹ ጸሎት ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካኖችና በእንግሊዞች መካከል ጠብ ተነሥቶ ነበር፤ ይልቁንም በገመድ ጉተታው አሜሪካኖቹ የሊቨርፑል ፖሊሶች ከባድ ጫማ አድርገው መጥተውብናል ብለው ጨዋታውን ትተው ወጥተዋል። የዚያን ቀን የሰበኩት፤ ለአንግሊካን ጳጳሳት ጉባኤ ከአሜሪካ የመጡት የማዕከላዊ ፔንሲልቫንያ ኤጲስ ቆጶስ ኤተልበርት ታልቦት ነበሩ። እርሳቸውም ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሯጮችና ስለ ጠፊው አክሊል የጻፈውን መሠረት አድርገው፤ አክሊሉን የሚደፋው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም የውድድሩ ደስታ ለሁሉም እኩል እንደሚደርስ፤ ጨዋታውም ከሽልማቱ እንደሚበልጥ አስተማሩ። ባሮን ደ ኩበርታን ይህን ትምህርት ይዞ በዚያው ሳምንት ጁላይ 24 ቀን፤ የእንግሊዝ መንግሥት ባደረገው ግብዣ ላይ፤ የኤጲስ ቆጶሱን ስም ጠርቶ፤ ዋናው ነገር ማሸነፍ ሳይሆን መካፈል ነው በሚል መንገድ ተናገረው። ዛሬ ሰው ሁሉ የኩበርታን ነው የሚለው ይህ የታወቀ አነጋገር ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት የወጣ ነው። የዚያም ግብዣ ቀን ማራቶኑ የተሮጠበት ቀን ነበር።

በዚያን ቀን ከዊንድሶር ግቢ የዌልስ ልዕልት ምልክት ሰጥተው 55 ሯጮች ተነሡ። አየሩ ለእንግሊዝ ሀገር ከልማዱ ውጭ የሞቀና የታፈነ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ቻርልስ ሄፈሮን ረጅሙን መንገድ ሲመራ ቆይቶ መጨረሻው ሲቃረብ ደከመ። ዶራንዶ ፒየትሪ የሚባል ኢጣልያዊ አልፎት ሄደ። ዶራንዶ ዕድሜው 22 ዓመት፤ በካርፒ ከተማ በጣፋጭ ቤት የሚሠራ፤ ቁመቱ አጭር ሰው ነበር። ስታዲዮሙ በገባ ጊዜ ግን አእምሮው ደንዝዞ የሚሄድበትን አያውቅም ነበር፤ በማይገባውም አቅጣጫ ዞረ። ዳኞቹ መለሱት፤ እርሱም ወደቀ። ብዙ ዐሥር ሺህ ሕዝብ ቆሞ እየጮኸ ሳለ ይነሣል፤ ጥቂት ይራመዳል፤ እንደ ገና ይወድቃል። በደኅና ጊዜው ከሁለት ደቂቃ የማይፈጀውን መንገድ ዐሥር ደቂቃ ያህል ፈጀበት። የሩጫው አዛዥ ጃክ አንድሩና ሐኪሙ ማይክል በልጀር ከፊታቸው ሲሞት ለማየት ልባቸው ስላልቻለ፤ በክንዱ ይዘው አነሡት፤ ደግፈውም የመድረሻውን ገመድ አሻገሩት። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ከ46 ሰኮንድ ነበር።

ከ32 ሰኮንድ በኋላ አሜሪካዊው ጆን ሄይስ ማንም ሳይረዳው በገዛ እግሩ ገባ። አሜሪካኖቹም ወዲያው ክስ አቀረቡ፤ ዳኞቹ መረመሩት፤ ሕጉም ግልጽ ስለ ነበረ ክብሩ ከዶራንዶ ተወስዶ ለሄይስ ተሰጠ። በዚህ ነገር ውስጥ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ዶራንዶን ድሉን ያሳጡት ጠላቶቹ አልነበሩም፤ የራሩለት ሰዎች ናቸው። ባይነኩት ኖሮ ምናልባት ተነሥቶ ይደርስ ነበር፤ ምናልባትም እዚያው ይሞት ነበር። ሕግ የሚፈልገው ዝም ብለው እንዲያዩት ነበር፤ ርኅራኄ ደግሞ እንዲያነሡት ግድ አለቻቸው። ሁለቱም እንደ ሚገባቸው አደረጉ፤ ዳኞቹም ክብሩን ለሄይስ ሲሰጡ ማንንም አልበደሉም። ፍርድና ምሕረት በአንድ ሜዳ ላይ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ሳያፈርስ ሁለቱም ሥራቸውን ሠሩ።

በማግሥቱ ንግሥት አሌክሳንድራ የዶራንዶን ድካም አይተው ስለ ነበር፤ በወርቅ የተለበጠ የብር ዋንጫ በእጃቸው ሰጡት። ታዋቂው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይልም በተመልካች መካከል ተቀምጦ ለጋዜጣ ይጽፍ ነበር፤ በጋዜጣው አማካይነት ከሕዝብ የተዋጣ ከ300 ፓውንድ በላይ ገንዘብ ለዶራንዶ የዳቦ ቤት መክፈቻ ተሰጠው። ከዚህ የተነሣ በፎቶግራፉ ላይ ዶራንዶን ደግፎ የሚታየው ኮናን ዶይል ነው የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ተነዛ። ይህም እንደ ፊሊጲዴስ ነገር ነው፤ ወሬ ስም የሌለውን ሰው አይወድም፤ የታወቀ ስም ፈልጎ ይለጥፍበታል።

ከዚህ በኋላ የዶራንዶ ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 25 ቀን ከሄይስ ጋር በኒው ዮርክ እንደ ገና ተወዳደሩ፤ የተወዳደሩትም በሎንዶኑ ልክ፤ በ26 ማይል ከ385 ያርድ ነው፤ ዶራንዶም አሸነፈ። የሎንዶኑ ልክ ከእንግሊዝ ሀገር ወጥቶ የተሰማው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ሆኖም ገና ሕግ አልሆነም ነበር። በ1912 በስቶክሆልም 40 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር፤ በ1920 በአንትዌርፕ 42 ኪሎ ሜትር ከ750 ሜትር ተሮጠ። የአትሌቲክስ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1921 የሎንዶኑን ልክ ለሁሉ መረጠ፤ ከ1924 የፓሪስ ጨዋታ ጀምሮም በኦሊምፒያ ጸና።

በስቶክሆልሙ ሩጫ ስለ ሆነው አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በዚያ ቀን ሙቀቱ በርትቶ የፖርቱጋሉ ፍራንሲስኮ ላዛሮ በመንገድ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። ጃፓናዊው ሺዞ ካናኩሪ ደግሞ ከመንገዱ እኩሌታ አልፎ ደከመው፤ በመንገድ ዳር ያሉ ባላገሮች ከቤታቸው አስገብተው አሳረፉት፤ እርሱም አፍሮ ለዳኞቹ ሳይነግር ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በስዊድንም የጠፋው ጃፓናዊ እየተባለ ሲወራ ኖረ። በ1967 ስዊድኖች ጠርተው ያቋረጠውን ሩጫ እንዲፈጽም አደረጉት፤ ሽማግሌውም በስታዲዮሙ ሮጦ ገመዱን በጠሰ። የሰዓቱ ቁጥር 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ተብሎ ተነገረ።

ይህ በእንግሊዝ ግቢ የተገኘ ልክ ኢትዮጵያን የነካው በ1960 በሮማ ነው። ሩጫው የተደረገው ሴፕቴምበር 10 ቀን ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓመተ ምሕረት፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ከካፒቶል ኮረብታ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በባዶ እግሩ ተነሣ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የእርሱን ባዶ እግር ነው፤ ነገር ግን በባዶ እግሩ የሮጠው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም እንዲሁ ያለ ጫማ ሮጦ ሰባተኛ ወጥቷል። ለአበበ ቢቂላ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ተጠንቀቅ፤ ቁጥሩም 26 ነው ብሎት ነበር። ራዲ ግን 185 የሚል ቁጥር አድርጎ ስለ መጣ፤ አበበ ያንን ባለ 26 ወደ ፊት ሲፈልግ፤ ሲፈራው የነበረው ሰው ከጎኑ እየሮጠ ነበር።

መንገዱ ሲነሣም ሲመለስም በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ይህን ሐውልት ኢጣልያኖች በ1937 ከአክሱም ወስደው በሮማ አቁመውት ነበር፤ በ2005 ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ2008 በስፍራው ቆመ። አበበና አሠልጣኙ አስቀድመው መንገዱን ሲመለከቱ ሐውልቱን አይተውት ነበር፤ በመጨረሻም አበበ ራዲን ጥሎት የሄደው በዚያ አካባቢ ነው። በጨለማ ችቦ በያዙ የኢጣልያ ወታደሮች መካከል አልፎ፤ ከቈስጠንጢኖስ የድል በር ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰኮንድ ደረሰ። ከዚያ በፊት በዓለም ከተሮጠው ሁሉ የፈጠነው የሩሲያዊው የፖፖቭ ሰዓት ሲሆን፤ አበበ የበለጠው በ0.8 ሰኮንድ ብቻ ነው። አርባ ሁለቱ ኪሎ ሜትር ከተሮጠ በኋላ ልዩነቱ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶክዮም ሁለተኛ አሸነፈ፤ ይህንንም ያደረገው ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከወጣ 35 ቀን ሲሆነው ነው። ከእርሱ በፊት የኦሊምፒያን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም።

ልኩ ባይጸና ኖሮ የአበበን ሰዓት ከፖፖቭ ሰዓት ጋር ማን ያመዛዝን ነበር? በሴይንት ሉዊስ ከተሮጠው ጋር በአንትዌርፕ የተሮጠውን ማወዳደር አይቻልም፤ መንገዳቸው ልዩ ልዩ ነውና። የማራቶን ልክ መነሻው የንጉሣውያን ምቾት ቢሆንም፤ ሁሉ ከተስማማበት በኋላ ለንጉሥና ለወታደር፤ ለባለ ጫማና ለባዶ እግር አንድ ሚዛን ሆነ። ሚዛን የሚከበረው ከተቀደሰ ስፍራ ስለ መጣ ብቻ አይደለም፤ ለማንም ስለማያደላ ነው። ስለዚህ የልኩን እውነተኛ መነሻ ማወቅ ክብሩን አይቀንስበትም፤ በተረት ላይ የቆመው ክብር ግን አንድ ቀን እውነቱ ሲገለጥ አብሮ መውደቁ አይቀርም።

ሄይስም በመዝገብ አንደኛ ሆኖ ይኖራል፤ ይህን የሚነጥቀው የለም። ነገር ግን የሎንዶኑ ሩጫ በተነሣ ቁጥር በሰው አፍ የሚጠራው የዶራንዶ ስም ነው። ዶራንዶ በ1942 በሳንሬሞ ሲሞት የኦሊምፒያ ሜዳሊያ አልነበረውም። ኤጲስ ቆጶሱ በዚያ እሑድ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሰበኩት ትምህርት በዚያው ሳምንት ዐርብ በስታዲዮሙ ውስጥ በእርሱ ላይ ተፈጸመ፤ አክሊሉ የአንድ ሰው ሆነ፤ የውድድሩም ክብር ለወደቀው ሳይቀር ደረሰው።